ከባርኔጣ የወጣ የምስክር ወረቀት

እቤቴ ቡፌው ላይ ቀይ ጽጌረዳ የተሳለበት ፔርሙዝ አለ። እንግዳ ሲመጣ ሻይ የማቀርበው በእሱ ነው። "ከየት ገዛሽው?" ላለኝ ሁሉ "ተሸልሜ ነው" እላለሁ። "በምን ተሸለምሽ?" ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን አልተገኘም። ሰው ሽልማት ካየ ምክንያቱ ያለ ይመስለዋል መሰለኝ።

የምሠራው በአዳማና በሻሸመኔ መሐል ካሉት ከተሞች በአንዷ፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ፣ መዝገብ ቤት ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ መንገዱን የሚዘጋባት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ጠረጴዛችን ላይ የሚደፋባት ናት ካልኩ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ከሦስት ከተማ በላይ አይጠረጥርም።

ማዘጋጃ ቤቱ የገባሁት በጽዳት ነበር። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የድሮ ፋይሎችን አቧራ ሳራግፍ አንዱን ገለጥ፣ ሌላውን ገለጥ እያደረግሁ ማንበብ ለመድኩ፤ የሰው አቤቱታ እንደ ተረት ይጥመኛል። የአጥር ክርክሩ፣ የውሃ መስመሩ፣ "ጎረቤቴ ጣራውን ወደ እኔ ግቢ አዘነበለብኝ" የሚለው። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበትን ቁቤ ደግሞ ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለች ከመጽሐፏ ተማርኩ፤ እሷ ታነባለች፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እደግማለሁ። "ያ ደብዳቤ የት ገባ?" ሲባል የማገኘው እኔ እየሆንኩ ስመጣ፣ ቀስ በቀስ መጥረጊያውን አስረክቤ እዚያው ፋይሎቹ መሐል ቀረሁ።

ድሮ የዓመቱን ግንባር ቀደም ሠራተኛ የሚመርጥልን ዞን ነበር። እኛ የሠራተኛውን ስምና የሥራ ነጥብ እንልካለን፤ ሰኔ ሲያልቅ አንድ ስም በደብዳቤ ይመጣል። የመጣውን ስም አጨብጭበን እንቀበልና ከስብሰባው ስንወጣ እናማዋለን። አንድ ዓመት የመጣው ስም ከእኛ ዘንድ ተዛውሮ ከሄደ ወራት ያለፈው ሰው ሆኖ አረፈው። አጨበጨብን፤ የሚቀበል ግን የለም።

"ስለሄደልን ነዋ የተሸለመው" አለ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ። ይህ ሰው ቀጠን ያለ፣ አፉ የማያርፍ፣ ያን ጊዜ ጧት ሦስት ሰዓት ሳይሆን ቢሮው የማይገኝ ነበር።

ከዚያ "ሥልጣን ወደ ታች ወርዷል" ተባለ። ከእንግዲህ የምትሸልሙትን ሰው ቅርብ ሆናችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ እናንተው ምረጡ። ደብዳቤውን መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ፤ ደስ ብሎኝ ሁለቴ አነበብኩት።

ስብሰባው ተጠራ። የሰው ሀብት ኃላፊያችን፣ የአርሲ ነገሌ ሰው፣ ትልቅ ግንባር ያለው፣ ሲጨነቅ "ወላሂ" የሚል፣ ደብዳቤውን አንብቦ ቀና አለ።

"በሉ እንግዲህ፤ ማንን እንምረጥ?"

አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ ጫማውን። እኔም ራሴ ዝም ካሉት ውስጥ ነበርኩ። እንዴት ብዬ ልናገር? "እሷ ትብለጥ" ማለት "አንተ ታንሳለህ" ማለት ነው፤ አንተ የተባለው ደግሞ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ልጁ ከልጄ ጋር ይማራል፣ ባለፈው ሳምንት ለቅሶ አብረን ደርሰናል። ዞን እያለ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረብንም። ያን ቀን የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ ዞንን ስናማ የኖርነው ክፉ ስለመረጠልን ብቻ አልነበረም፤ መርጦ ስለገላገለንም ነበር።

ሽማግሌው ዘበኛችን ወንበር ሊያቀብሉን ገብተው በር ላይ ቆመዋል።

"ልጆቼ፣ እንደ እቁብ ዕጣ ጣሉበትና ወደ ቤታችሁ ግቡ" አሉ። "ዕጣ የወጣለት አይኮራ፣ ያልወጣለት አይቀየም። የደረሰው ለሚቀጥለው ዓመት አይገባም። አለቀ።"

ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ማንም ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ኃላፊያችን ወረቀት ቆራረጠ፤ ዘበኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው ዘረጉ። የመጀመሪያው ዕጣ ለማን ቢወጣ ጥሩ ነው? ጧት ሦስት ሰዓት ለሚገባው የንብረት ክፍል ሠራተኛ።

ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ዕጣ የሚል ቃል የለም። "በሥራ አፈጻጸሙ ከሌሎች በልጦ በመገኘቱ በሙሉ ድምፅ ተመርጧል" ይላል። ሁላችንም ፈረምን። ቁጥር ሰጥቼ ፋይል ውስጥ ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ያን ጊዜ ውሸት የጻፍን አልመሰለንም፤ ሰው እንዳይጣላ የተጻፈ ነገር ውሸት ይባላል እንዴ?

ደግሞ የሚገርመው ነገር መጣ። የንብረት ክፍሉ ሰው ፔርሙዙንና የምስክር ወረቀቱን በወሰደ በሳምንቱ ጧት ሁለት ተኩል ላይ ቢሮው ተገኘ። አንድ ቀን ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱም መጣ። መደርደሪያውን አስተካከለ፣ ለየዕቃው ካርድ ጻፈለት፣ ድሮ አንድ ቀን የሚፈጅ የወረቀት ጥያቄ በአፍታ ይሰጥ ጀመር።

"ምን ነካህ?" አልኩት።

"እትዬ፣ እናቴ የምስክር ወረቀቱን ሳሎን ሰቀለችው። ማታ ማታ ሲያፈጥብኝ እንዴት አርፍጄ ልነሳ?"

ይህን ነገር ብዙ አሰብኩበት። እኛ የምናውቀው ሰው ሠርቶ ሲሸለም ነው። ተሸልሞ መሥራት የጀመረ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። በሁሉም ላይ እንዲህ ይሠራ ይሆን ብዬ መከታተል ያዝኩ። በሁለተኛው ዓመት ዕጣው ለራሱ ለኃላፊያችን ወጣ፤ አፍሮ ግንባሩን ሲያሽ ትዝ ይለኛል። እሱ ላይ ብዙ ለውጥ አላየሁም፤ ድሮም ደህና ሰው ነበር። የምስክር ወረቀቱን ግን ቢሮው ከወንበሩ ጀርባ ሰቀለው።

በሦስተኛው ዓመት ለጸሐፊያችን ወጣላት። እሷን ባስተዋውቃችሁ ደስ ይለኛል። ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ናት፣ ዝምተኛ፣ መብራት ሊጠፋ ነው ሲባል እንኳ ሳትደነግጥ ደብዳቤ የምትጨርስ። አፋን ኦሮሞውንም አማርኛውንም እኩል ትጽፋለች። ባለጉዳይ አጻጻፍ ሲቸግረው እሷ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ነው የምታገኙት። ወረቀቱን ዘርግታ ስሟን ስታይ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ተነስታ በር ላይ ወደቆሙት ዘበኛ ሄደች።

"አባባ፣ እርስዎ በዚህ ወር ጡረታ ሊወጡ አይደል? የእኔን ተራ ይውሰዱት። ባዶ እጅዎን አይሄዱም።"

"አንቺ ልጅ፣ ተራሽ ያልፍሻል" አሏት።

"ይለፈኝ አባባ። እኔ ገና ነኝ።"

ጭብጨባው የዚያን ቀን ከልብ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ግን ያው ነው፦ ዘበኛው "ከሌሎች በልጠው በመገኘታቸው"። እሷ የሰጠችው መሆኑ የትም አልሰፈረም። እንደ እቁብ ሕግ ደግሞ ተራዋ ተቆጠረ፤ ባርኔጣው ውስጥ ስሟ ተመልሶ አልገባም።

አራተኛው ዓመት የእኔ ሆነ። አትሳቁብኝ፤ በዕጣ መሆኑን እያወቅሁ ስሜን ሦስቴ አነበብኩት። በሕይወቴ ስሜ የታተመበት ማኅተም ያለው ወረቀት ይዤ አላውቅም። የአራተኛ ክፍል ካርዴን እንኳ ዝናብ በልቶታል። መስታወት ባለው ፍሬም አስገብቼ አልጋዬ ራስጌ ሰቀልኩት። ጎረቤቶቼ "የመጀመሪያ ዲግሪሽ ነው" እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም አልቃወም።

ነገሩ የከረረው ዘንድሮ ነው። እስከዚያ ድረስ የሠራተኛ ዝውውርም በዞን ነበር የሚወሰነው። ያም ሥልጣን ወረደ። ተቀባዩ ከተማ ቦታ ካለው፣ ላኪው መሥሪያ ቤት አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቁሞ አመልካቾቹን በነጥብ ያወዳድራል። አዳማ አንድ ሰው እቀበላለሁ አለ። እኔ በሠራተኛው ተመርጬ ኮሚቴው ውስጥ ገባሁ፤ ኃላፊያችን ሊቀ መንበር ሆነ። ያመለከቱት ሁለት ናቸው፦ ጸሐፊዋና የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ።

እሱ አዳማ ሄዶ የማታ ትምህርት መቀጠል ይፈልጋል። የእሷ ሌላ ነው። እናቷ አዳማ ናቸው፤ ሁለቱም ዓይናቸው ጠፍቷል። አብራቸው የነበረችው ታናሽ እህቷ አግብታ ሩቅ ልትሄድ ነው። ጸሐፊዋ ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ሚኒባስ ትይዛለች፣ እሑድ ትመለሳለች፤ ከእሑድ እስከ ዓርብ ያሉትን ቀናት ማን ይሙላ?

ማመልከቻ ባስገባች በሦስተኛው ቀን መዝገብ ቤት መጣች። ቆማ ፋይሎቹን አየች።

"እትዬ፣ ያኔ ለአባባ የሰጠኋቸው ጊዜ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ እኔ መስጠቴ ተጽፏል?"

ለምን እንደጠየቀችኝ ገባኝ። የመወዳደሪያው ቅጽ ለግንባር ቀደም የምስክር ወረቀት አሥር ነጥብ ይሰጣል። አውጥቼ አነበብኩላት። ሁለታችንም የምናውቀውን ነው ያነበብኩላት።

"ይሁን" አለች። "ለእማዬ ለመንገር ብዬ ነው። ወሬውን ስትሰማ 'ሰጥቼ ነው ያጣሁት' እንድላት።"

እንባም ምንም የለም። ይህን ብላ ወደ ጽሕፈቷ ተመለሰች። እኔ ነኝ የቀረሁት፣ ፋይሉን እንደታቀፍኩ።

ያን ከሰዓት ሌላ ሥራ አልሠራሁም። የወጪ ደብዳቤዎችን ቅጂ ዓመት በዓመት እያወጣሁ አየሁ። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌ የጻፈው ሰው የስም ምልክት አለ። ገለበጥኩ፣ ገለበጥኩ፤ የእሷ ምልክት ነው። ደስ አለኝ፤ ማስረጃ አገኘሁ ብዬ። ቀጥዬ ንብረት ክፍል ሄጄ የእሱን ካርዶች አየሁ። እነሱም ጥርት ያሉ ናቸው። ታዲያ ማን ይበልጣል? ደብዳቤና ዕቃ በምን ይመዘናል? እውነቱን ለመናገር አላወቅሁም። ያወቅሁት አንድ ነገር ነው፦ አሥሩ ነጥብ የማንም ሥራ አይደለም፣ የባርኔጣ ነው።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ነጥቡ ሲደመር የአገልግሎት ዘመኗ ረጅም ስለሆነ እሷ ትመራ ነበር፤ አሥሩ ሲጨመር እሱ አለፈ።

"እንግዲህ ነጥቡ ያለው ይህን ነው" አለ ሊቀ መንበራችን፤ ቃሉን ሲጨርስ ግን ግንባሩን አሸ። "ለማንኛውም ዞን እንጠይቅ።"

እዚያው ደወለ። እኛ ዝም ብለን የእሱን "ኤ… ኤ… እሺ… ኤ" እንሰማለን። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው።

"'ሥልጣኑ የእናንተ ነው፣ ለምን እኛን ትጠይቁናላችሁ' አሉኝ። ወላሂ፣ የምናማው ሰው እንኳ አጣን።"

ሌሎቹ ሦስት አባላት ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

"የምስክር ወረቀቱ አይቆጠር" አልኩ። "በዕጣ የወጣ ነው። ሁላችንም እዚያ ነበርን።"

"ይህን ስትዪ አስበሽበታል?" አለኝ። "የእሱ ካልተቆጠረ የማንም አይቆጠርም። የእኔም ይሄዳል፣ የአባባም፣ የአንቺም። ደግሞ 'በልጦ በመገኘቱ' ብለን የፈረምነው ውሸት ነው ልንል ነው። በፊርማችን ላይ ሌላ ፊርማ።"

"አስቤበታለሁ።"

አላሰብኩበትም ነበር። የአልጋዬ ራስጌ የታየኝ ያኔ ነው። ቀጠሮውን ለነገ አደረግነው።

ያን ምሽት ልጄ ምስማሩ ባዶውን ሲቀር አይታ "የት ልትወስጂው ነው?" አለችኝ። "ቢሮ" አልኳት። "ሊጨምሩልሽ ነው?" አለች። ምን ልበላት? በትራስ ልብስ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሊቀ መንበራችን ትንሽ አየው፤ ከዚያ ተነስቶ ቢሮው ሄዶ የራሱን ከግድግዳ አውርዶ መጣና አጠገቡ አኖረው። ይህን አልጠበቅሁም ነበር።

የንብረት ክፍሉን ሰው አስጠራነው። ሳይነግሩት መውሰድ ነውር ነው ተባባልን። ሊቀ መንበራችን አስረዳው። ሁለቱን ፍሬሞች አየ፣ እኛን አየ።

"በዕጣ መሆኑን እኔም አውቃለሁ" አለ። ያን ቀን አፉ ላይ ቀልድ የለም። "ግን ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ያኔ አልሠራሁም ብላችሁ ብትነጥቁኝ እሺ። ከዚያ ወዲህ ያለውስ? እሱ አይቆጠርም?"

ትክክል ነው። ለኮሚቴው ከተመረጥኩ ጀምሮ እንደዚያ ያስጨነቀኝ ጥያቄ የለም።

"ይቆጠራል" አልኩት በመጨረሻ። "በየስድስት ወሩ የሚሞላልህ የሥራ ነጥብ ላይ አለ። ከፍ ብሏል፤ አይቼዋለሁ። የሚወድቀው አሥሩ ብቻ ነው።"

"እናቴን ምን ልበላት?"

"ልጄም ጠይቃኛለች" አልኩት። "እኔም አላወቅሁም።"

ወጣ። ቃለ ጉባኤውን ጻፍን፦ በአራቱ ዓመታት የተሰጡት የምስክር ወረቀቶች በዕጣ የተሰጡ ስለሆኑ ለዝውውር ነጥብ አይያዙም፤ ጸሐፊዋ የራሷን ለጡረተኛው ዘበኛ አሳልፋ መስጠቷም ይታወቅ። ቀሪው ነጥብ ተደመረ። እሷ በትንሽ በለጠች። አባባ ቤት ሄጄ ለእሳቸውም ነገርኳቸው። "ወረቀቱን ውሰጂው፣ ፔርሙዙን ግን አልመልስም" አሉኝ፤ "ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይ ሳይቀዘቅዝብኝ የምጠጣው አሁን ነው።"

ቅጂውን ለዞን ላክን። ይቀጡናል ብዬ ከርሜአለሁ፤ መኪና ግቢ በገባ ቁጥር በመስኮት አያለሁ። የመጣው መልስ "ደርሶናል" የሚል ማኅተም ብቻ ነው። አንብበውት ይሁን ሳያነቡት አላውቅም። እስከ ዛሬ ለማወቅ እጓጓለሁ።

የምስክር ወረቀቴን አልቀደድኩትም፤ መዝገብ ቤት ወረቀት አይቀደድም። ከፍሬሙ አውጥቼ፣ ከጎኑ የቃለ ጉባኤውን ቁጥር ጽፌ፣ የራሴ ፋይል ውስጥ አስገባሁት። በፍሬሙ የልጄን ፎቶ ሰቀልኩበት። የንብረት ክፍሉ ሰው ሁለት ወር ያህል ከሰላምታ በስተቀር አላናገረኝም። ጧት ግን ሁለት ተኩል ላይ ይገባል፤ ሽልማቱ ሄዶ ልማዱ ቀረ። ይህንንም ቁጭ ብዬ አስበዋለሁ።

ጸሐፊዋ አዳማ ከገባች በኋላ ደወለችልኝ። እናቷ ደህና ናቸው፤ ምሳ ሰዓት በባጃጅ ሄዳ አብልታቸው ትመለሳለች። ስለ አዲሱ ቢሮ ጠየቅኋት።

"ሰዎቹ ጥሩ ናቸው እትዬ" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንድ ነገር ልንገርሽ? እዚህ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ባለ ቀይ ጽጌረዳ ፔርሙዝ አለ።"

"በሁሉም?"

"ከእኔ ጠረጴዛ በቀር።"

"ታዲያ እንዴት እንደሚመርጡ ጠይቂያቸዋ።"

"አዲስ ሰው ነኝ፤ እንዴት ብዬ ልጠይቅ?"

ይህን ወሬ ለሊቀ መንበራችን ሳደርሰው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አሁን ሰኔ ገብቷል። ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዱ ተሰብስበን "ዘንድሮስ ማንን እንምረጥ?" ሲል ጣሪያና ጫማ ማየት እንደገና ተጀመረ። ባርኔጣ የሚል ግን አልነበረም። የንብረት ክፍሉ ሰው እጁን አነሳ።

"እያንዳንዳችን ስለ ጓደኛችን በዓይናችን ያየነውን አንድ ሥራ እንናገር" አለ። "እኔ ልጀምር?"

ተናገረ። ስለ እኔ ነው የተናገረው፤ ምን እንዳለ ግን አልጽፈውም፣ አፍራለሁ። ስብሰባው አላለቀም፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጥሯል፣ ሁሉም የሚለው ስለበዛ። ፔርሙዙ ተገዝቶ ንብረት ክፍል ካርድ ወጥቶለት ተቀምጧል። እስከዚያው ዓርብ አዳማ እሄዳለሁ። የጸሐፊዋን እናት ልጠይቅ ነው፤ ከሥራ መውጫ በፊት ከደረስኩ ደግሞ ቢሮዋ ጎራ እላለሁ። እኔ አዲስ አይደለሁም፤ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ ሻይ ሲቀዳለት "ይህን ፔርሙዝ በምን ተሸለማችሁት?" ብሎ መጠየቅ ይችላል።